ልጄ አስተርጓሚዬ

ስደተኛ በጨለማ ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ ግን ከመርሳ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከበሮ እየተመታልኝ ነው። ኢየሩሳሌም ተሳልሜ የምመለስ መስሏቸዋላ። ቄሱ አባቴ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው "ለትንሣኤ ደርሰሽ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ እዚሁ ነሽ" አሉኝ። ጎረቤቶቼ የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፈው "እዚያ ስትደርሺ አስቢን" አሉኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። እንደማልመለስ ግን አውቅ ነበር። አውቶቡሱ ውጫሌ ሳይደርስ ማልቀስ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የጸሎት እንባ መስሏቸው "ይቀበልሽ ልጄ" አሉኝ።

ዛሬ የምኖረው ቴል አቪቭ፣ ደቡቡ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው እናንት መርሳ ያላችሁ ከንፈር እንድትመጥጡልኝ አይደለም። ሙቀቱ የመርሳ ነው፣ ግን ጨው ጨው ይላል። ማንጎም አለ፣ ሽታ የለውም እንጂ። ልጄ ኤደን እዚሁ ተወለደች። አባቷ "ካናዳ ገብቼ እወስዳችኋለሁ" ብሎ እንደሄደ ቀረ። ደግነቱ እዚህ ወረቀት የሌላት ልጅም ትማራለች።

መዋዕለ ሕፃናት በገባች በጥቂት ወሯ፣ ጧት ስንነቃ እኔ በስመ አብ ስል እሷ "ሞዳ አኒ" ማለት ጀመረች፤ የዕብራይስጥ የጧት ጸሎት ነው። በሱኮት በዓል ግቢያቸው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ባይ ማን ሊያገባ ነው ብዬ ጠየቅሁ። አርብ አርብ ደግሞ ከልጆቹ አንዷ "የሰንበት እናት" ትሆናለች። ነጭ ሻሽ አስረው ሻማ ያስለኩሷታል፤ ኬክ የምታመጣውም እሷ ናት። የኤደን ተራ ሲደርስ ከሥራ ቀርቼ ጋገርኩ። አርብ መቼም ጾም ነው፣ በዘይት የጾም አድርጌ ሠራሁት። መምህርቷ በሩ ላይ አቆመችኝ።

"ቤት ነው የተጋገረው?"

"ቤት ነው። ግን አታስቢ፣ ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ እንቁላል የለበትም።"

"ማኅተምስ አለበት?"

"የምን ማኅተም?"

"የረቢዎቹ። ካሼር ነው፣ በሕጋችን ይበላል የሚል።"

እኔኮ አርብን በማክበሬ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ኤደን ሰንበትን ከሱቅ በተገዛ ብስኩት ተቀበለች፤ ኬኩን እኔ አውቶቡስ ውስጥ እያለቀስኩ በላሁት።

አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና "ሸማ እስራኤል" እያለች ስትጸልይ የሰው ልጅ በአደራ የማሳድግ ይመስለኛል። ፊደል ላስቆጥራት ስል ከ"ለ" ሳታልፍ ታዛጋለች፤ ዕብራይስጡን ግን ከቀኝ ወደ ግራ ታንበለብለዋለች። እንዳልቆጣት ደግሞ አስተርጓሚዬ ናት። የእኔ ዕብራይስጥ የሰው ቤት ሳጸዳ ከወለል ላይ የለቀምኩት ነው፣ ቢሮ ሲደርስ ይክደኛል።

ባለፈው ወር ስለ መኖሪያ ፈቃዳችን ኢሚግሬሽን ቢሮ ተጠራን። መስኮቱ ኋላ ያለችው ሴትዮ ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ኤደንን ጠየቀቻት።

"ቤት ውስጥ ምን ታከብራላችሁ?"

"ፔሳህ" አለች ልጄ ኮራ ብላ። "ከግብፅ የወጣንበትን።"

"እናንተ ከግብፅ አይደለም የወጣችሁት። ከኢትዮጵያ ነው።"

"መምህርቷ ሁላችንም ወጥተናል ብላለች።"

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ክፋት ባይ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ተናገረች፦ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አገሩን ለቃችሁ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አይጨመርም። የወለል ዕብራይስጤ ለዚህስ አላነሰም።

ኤደን ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አለች?" አልኳት።

"ቆዩ አለች፣ ኢማ። ምንም ችግር የለም አለች።"

ስምንት ዓመቷ ነው። እጇን ይዤ ወጣሁ፤ እንደገባኝ አላስታወቅሁም። ገብቶኛል ካልኩ እኮ በገዛ አፏ ልታወጣው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ለእኔ ትደብቃለች፣ እኔ ለእሷ። በአንዲት ክፍል ውስጥ መተያየት እንኳ ፈራን። እዚህ አንቆይም፤ መርሳ ብወስዳት ደግሞ የማን ልጅ ትባል ይሆን? እሄዳለሁ ስል እሷን አያለሁ፣ እደበቃለሁ ስል ትምህርቷ ይቀራል።

እሑድ አባባ ጋ ደወልኩ። ኤደን አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

"አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሮ ጠርተውኛል ብለሽኝ ነበር፤ ምን አሉሽ ልጄ?"

የኤደን እርሳስ ቆመ።

"ቆዩ አሉን፣ አባባ።"



"ደግ ነው እንግዲህ፣ ለእናንተ ካማረላችሁ። እኔማ እንዲያባርሩሽ ለሚካኤል ተስዬ ነበር። ዓይኔ ሳይጠፋ ልጅቱን ልያት ብዬ። አልሰማኝም።"

ኤደን ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ስለትዎ ሰምሯል ልላቸው አልቻልኩም።