የመሶብ ክዳን ያጠለቀው ውሻ

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሦስቱን ግድግዳ በእጄ እነካለሁ፤ አራተኛውን እግሬ ይነካልኛል። ከዚያች ክፍል ያልለቀቅሁት የአከራዮቼን ልጅ ወድጄ ነው። እሷም ወዳኝ ነበር። የቀረን አባቷ ብቻ ነበሩ።

አባቷ በዓለም ላይ የሚወዱት ሁለት ነገር ነው፤ ልጃቸውንና ውሻቸውን። ቅደም ተከተሉን እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ቀን የወንድማቸውን ገብስ ሊያሳጭዱ ወደ ዲክሲስ ሲነሱ በር ላይ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ውሻዬን አደራ።»

«ኧረ ምን ችግር አለው ጋሼ!»

«አደራ ነው ያልኩህ። እኔ አደራ ለሚበላ ሰው ልጄን አልድርም።»

እኔ ስለ ልጅ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ያ አደራ የጋሪ ፈረስ አይቶ በአጥር ሲዘል ሽቦ የኋላ እግሩን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ተሸክሜ ወደ ከብት ሕክምናው ሮጥኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ሰሬ ነው እንዴ?» አለ በኦሮምኛ፤ «ውሻ? እኔ እኮ የበሬ ሰው ነኝ» አለ። ቢሆንም ጦር የሚያህል የበሬ መርፌውን አውጥቶ ሰፋው። በፋሻ ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ «እንዳይልሰው። ከላሰው ክሩ ይፈታል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ከዚያ እግሩን ተሰናበተው» አለኝ።

«እንዴት አድርጌ ልከልክለው?»

«እሱን ከእሱ ጋር ተነጋገሩ።»

ተነጋገርን። አልተስማማንም። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ዞር ባልኩ ቁጥር ፋሻው አፉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጡት እንደሚጥል ሕፃን ፋሻው ላይ ሬት ቀባሁበት። ላሰ፤ ፊቱን አጨማደደ፤ አየኝ፤ ደግሞ ላሰ። የመረረ ጠላ ፊት እንደተቀመጠ ሰው፣ እየተማረረ ጨረሰው። የልጅቷ እናት አዘኑልኝና፣

«በርበሬ አድርግበት፣ ልጄ» አሉኝ።

«ይሻላል፣ እትዬ?»

«ምነው! ሰው የሚያስለቅስ በርበሬ ነው ያለኝ።»

ውሻው በርበሬውን ጥርግ አድርጎ ልሶ እንጀራ እስኪቀርብለት ይጠብቅ ጀመር። ከተሰፋ በሦስተኛው ቀን የሹራቤን እጅጌ ቆርጬ እግሩ ላይ አጠለቅሁለት። እጅጌውን ከነፋሻው በላው። ያን የብርድ ወራት ሙሉ ቢሮ የገባሁት ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ ለብሼ ነው፤ አለቃዬ አዲስ ፋሽን መስሎት ከየት እንደገዛሁት ጠይቆኛል።

ከስፌቱ ሁለት ክር ተፈቷል። እኔ ግቢውን ለቅቄ ስሄድ ይታየኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ አንድ ነገር በነጠላዋ ሸፍና የመጣችው። ገለጥ ስታደርገው የመሶብ ክዳን ነው። የእናቷ የሠርግ መሶብ ክዳን! በዓመት በዓል ብቻ ከቆጥ የሚወርደው፣ አክርማው በቀይና በአረንጓዴ ያጌጠው።

«አብደሻል?»

«የክዳኑን አናት ቅደድና ለውሻው አንገቱ ላይ አጥልቅለት። አፉ እግሩ ጋ አይደርስም።»

«እናትሽ ይገድሉሻል።»

«አባቴ ከሚገድልህ ይሻላል» አለችና ቢላዋ ሰጠችኝ። ከዚያ በላይ የፍቅር ቃል ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ቀደድኩት፤ እሷ ደግሞ እናቷ እንዳያውቁት ከላይ ጆንያ ሰፋችበት። ውሻው አንገቱን አዙሮ ወደ እግሩ ቢልም ምላሱ ከጆንያው አላለፈችም። እናቷ ዞረው አዩትና አደነቁ።

«ጎበዝ! ከምን ሠራኸው?»

«ከካርቶን ነው፣ እትዬ» አልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ፍየል ነበር።

በማግስቱ የቀበሌው ጥበቃ በአጥር አይቶ ጠመንጃውን አስተካከለ።

«ጓድ፣ ይሄ አንቴና የየት አገር ሬዲዮ ነው የሚስበው?»

ቁስሉን እንዳይልስ ነው ብለውም፣ ውሻው ሲያዛጋበት ነው ያመነኝ።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ክሩን አወጣ፤ ቁስሉ ተገጣጥሟል። ክዳኑን ግን ጠባሳው እስኪጠና ለጥቂት ቀን እንድተወው መከረኝ። በነጋታው አባትየው ሳይታሰቡ በሩን ከፍተው ገቡ። ውሻው በደስታ አብዶ ሲወረወር ጆንያው በበሩ ምስማር ተያዘ፤ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። ቀዩና አረንጓዴው እንደ አደይ አበባ ፈካ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አባት።

«የሠርጌ መሶብ!» አሉ እናት።

አባትየው መልስ ሳይጠብቁ ተንበርክከው እግሩን ዳበሱት። ጠባሳውን በጣታቸው ተከተሉት። ውሻው ሊልሳቸው አንገቱን ሲዘረጋ ክዳኑ አፍንጫቸውን መታው። ቀና አሉ።

«ማነው ክዳኑን የቀደደው?»

«እኔ!» አልን ሁለታችን እኩል።

አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

«የእኔን አደራ አልበላህም» አሉኝ። «መሶቡን ግን በልተሃል። እሱን ከባለመሶቧ ጋር ተጨራረስ።» ውሻቸውን አስከትለው ገቡ።

ሽማግሌ ስልክ እናትየው ጥሎሹን ሲዘረዝሩ ከቀሚሱም ከካባውም አስቀድመው «የመሶብ ክዳን» አሉ። ስፌት የምትሰፋ ሴት ፈልጌ ብጠይቅ፣ መሶቡን ሳታይ ክዳን እንደማትሰፋ ነገረችኝ። እናትየው ደግሞ መሶቡን ከቤታቸው አላስወጣ አሉ፤ እኔን ማመን ከብዷቸው ይሆናል። ከነመሶቡ አዲስ አሠራሁ።

የተቀደደውን ክዳን ባለቤቴ ከወላጆቿ ቤት ይዛው መጣች፤ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ ተልጦ ነበር። ሐኪም ቅርፊቱን እንዳልነካ አስጠንቅቆኛል፤ እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ስትቆጣኝ ሦስት ጊዜ እንደማልነካው ማልኩላት። በአራተኛው ብድግ አለች። ወንበር ላይ ወጥታ ክዳኑን ከምስማሩ አወረደችና አንገቴን በዓይኗ ትለካ ጀመር።