ማሽላ የሌለበት ማማ

በራያዋ ዋጃ አያ ታሂርን የማያውቅ ሰው ቢኖር ጆሮ የሌለው ብቻ ነው። ድምፃቸው ከማሳቸው ተነሥቶ የመኪናውን መንገድ ይሻገራል፤ ሲስቁም ሲቆጡም ያው ናቸው። ለሥራ ተመድቤ ከአውቶቡስ የወረድኩ ዕለት፣ «ይኼን ቀጭን ደሞ ማን ሊያክመው ነው የመጣው?» ብለው ገበያተኛውን ሁሉ አሳቁብኝ። ጤና ረዳት ነበርኩ። እዚያ አገር ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ሐኪም ስለሆነ «ሐኪም ታረቀኝ» ተባልኩ። እኔም አላረምኳቸውም፤ ስሙ ይጣፍጣል።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ግሪሳ ወፍ በመንጋ ማሽላው ላይ በሚወርድበት ሰሞን፣ አያ ታሂር ልጃቸውን ሲቲን ይዘው ክሊኒክ መጡ። ሲቲ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የመጡበት ጉዳይ ድምፅዋ መዘጋቱ ነው።

«ጩኸቷ ነው ሐኪሜ» አሉኝ እየኮሩ። «ወላሂ፣ እሷ ማማው ላይ ካለች ወፍ ቀርቶ ዝንብ አያርፍም። አምና በወንጭፍ ነበር የምታባርረው፤ ዘንድሮ ወንጭፉንም ጥላ በአፏ ብቻ ሆነ። ከጧት እስከ ማታ! ጎረቤቱ ሁሉ እየቀናብኝ ነው።»

በራያ ቆላ ማሽላው እስኪታጨድ ከቤተሰቡ አንዱ ማሳው መሐል፣ በባላ ላይ በተሠራ ማማ ተቀምጦ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። በደንብ የሚጮህ ልጅ ያለው ሰው የታደለ ነው።

ጉሮሮዋን አየሁት፤ ከመቅላቱ በቀር ምንም የለውም። ሲቲ ግን እኔን አላየችኝም። ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስል ግድግዳውን ታዳምጣለች።

«ሲቲ፣ ወፎቹን ምን እያልሽ ነው የምትጮኺባቸው?» አልኳት ለጨዋታ ያህል።

«ወፎቹንማ ምን እላቸዋለሁ? ወፎቹ ምን አሉኝ?» አለች በጎረነነ ድምፅ። «ለሚሰድቡኝ ነው የምመልሰው።»

«ማነው የሚሰድብሽ?»

አባቷን አየት አድርጋ አቀረቀረች።

ደነገጥኩ። በተማሪነቴ አዲስ አበባ፣ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ስድስት ሳምንት ሠርቻለሁ። እዚያ የነበሩ አንድ አዛውንት አስታማሚ፣ «ይህ በሽታ ገና እንግዳ ሳለ ካስወጣኸው ይወጣል፤ ከሰነበተ ባለቤት ይሆናል» ይሉን ነበር። አያ ታሂርን ወደ ውጭ ጠርቼ ትተኛለች ወይ አልኳቸው። «ኧረ እንቅልፍ የታለ!» ከሰው ትጫወታለች? «ዘንድሮስ ጨዋ ሆናለች፤ ከማንም ጋር አታወራም» አሉ፤ ልጃቸውን ማመስገናቸው ነው። በዚሁ ሳምንት አዲስ አበባ መሄድ አለባት ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጅህ አብዳለች እያልከኝ ነው?»

«ታማለች ነው የምልዎ አያ ታሂር። ቶሎ ከታየች የመዳን ተስፋዋ ሰፊ ነው።»

«ለአብዱሰመድ ልጅ ታጭታለች፤ ሰርጓ ጥር ላይ ነው። ይኼን ወረቀት ላይ ከጻፍከው አለቀላት። ማሽላውንስ ማን ይጠብቃል? ሌሎቹ ገና ሕፃናት ናቸው። ግሪሳው አንድ ቀን ከበላን ዓመቱን ምን እንበላለን? ማሽላው ይግባ እንጂ፣ ኢንሻ አላህ፣ ራሴ እወስዳታለሁ።»

እዚህ ላይ ራሴን ልውቀስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ የክሊኒኩ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ያው እኔ መዝገቡን ከፍቼ «የጉሮሮ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። በጨው ውኃ ትጉመጥመጥ ብዬም ሸኘኋቸው። እሳቸውስ ስምንት ነፍስ የሚያበሉ ገበሬ ናቸው፤ እኔን ምን ነካኝ?

ሕሊናዬ አላስተኛ ስላለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳቸው ድረስ እሄድ ጀመር። እናቷን ኡሙሰልማን፣ «ብቻዋን አይተዉአት፤ የሚሰማትን ነገር ውሸት ነው ብለው አይከራከሯት፤ አብረዋት ብቻ ይቀመጡ» አልኳቸው። ኡሙሰልማ እንዝርታቸውን ይዘው ማማው ላይ ወጡ። እየፈተሉ የሠፈሩን ወሬ ሁሉ ያወሩላታል። በሳምንቱ የሲቲ ጩኸት ቀነሰ፤ አንድ ቀን እንዲያውም እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። የሰው ልጅ ከዚያ በሽታም መመለስ እንደሚችል ያን ቀን አመንኩ።

ጩኸቷ ሲቀንስ ግን ወፉ በዛ። አያ ታሂር የተበላውን የማሽላ ራስ አይተው ተቆጡ፤ «ወሬሽ ነው ልጅቱን ያሰነፋት» ብለው ኡሙሰልማን ከማማው አስወረዱ። በማግሥቱ የሲቲ ድምፅ እንደ ልማዱ መንገዱን ተሻግሮ ተሰማ። አያ ታሂርም ደስ አላቸው።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጉድጓድ ገባ። ቃረሚያው ላይ ከብት ተለቀቀ። ሲቲ ከማማው አልወረደችም። በባዶ ማሳ መሐል ቆማ ትጮኻለች። እኔ በደረስኩ ጊዜ አያ ታሂር ከሥር ቆመው ወደ ላይ ይለምኗታል።

«ሲቲዬ፣ ውረጂ እንጂ፤ ገብቷል እኮ፤ አልሀምዱሊላህ፣ ሁሉም ገብቷል።»

የኚያ ሰው ድምፅ ሲያንስ የሰማሁት ያኔ ነው። ወደ እኔ ዞረው፣ «ለካ ስትጮህ የከረመችው ወፉ ላይ አልነበረም» አሉኝ። ከጥቅምት ጀምሮ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ነው። አብዱሰመድ ሽማግሌ ልከው እጮኝነቱን አፈረሱ። ዘመድና ጎረቤት ለጋራ ጸሎት ተሰብስቦ ወር ሙሉ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ አደረገላት፤ ያን አልነቅፍም፤ ቢያንስ ብቻዋን አልነበረችም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀቱን ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ወር ፈጀ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሚያዝያ ሆኖ ነበር። ሐኪሙ፣ «ለምን ዘገያችሁ?» አሏቸው። አያ ታሂር የመለሱትን ራሳቸው ነገሩኝ፤ «ማሽላ ነበረን» ነው ያሉት።

ክኒኑ ጠቅሟት ነበር። ሰኔ ላይ ከታናናሾቿ ጋር ስትስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክኒኑ ግን አለቀ፤ እኔ ዘንድ የለም። ለአውራጃው ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ የወባ መድኃኒት ተላከልኝ። እንደገና ይዘዋት ሊሄዱ ሲነሡ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ይለፍ ታጣ፤ ይለፉ ሲገኝ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጅቷ ዓይናችን እያየ ራቀችን፤ እኔም በየወሩ ሄጄ ከማየት በቀር አንድ ነገር አላደረግሁም።

በ1976 ክረምት ሰማዩ ጭራሽ እንቢ አለ። የራያ ሜዳ ማሽላ ሳያበቅል የ1977 ጥቅምት ገባ። በመንገዱ ዳር ወደ ቆቦ የሚጎርፈው ሰው መሐል ስሄድ የለመድኩትን ጩኸት ሰማሁ። አሁን ግን ሁለት ድምፅ ሆኗል። ዞር ስል አዲስ ማማ ባዶው መሬት ላይ ተተክሏል። ሲቲ ቆማ ትጮኻለች፤ አጠገቧ አያ ታሂር፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያሽከረከሩ ይጮኻሉ።

ከሥር ደርሼ፣ «አያ ታሂር፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ብቻዋን ስትጮህ ‹እብድ› ይሏታል፤ ድንጋይ ይወረውሩባታል» አሉ ጎንበስ ብለው። «ሁለት ስንሆን ወፍ ጠባቂ ነን።»

«ማሽላ የለም እኮ።»

«መንገደኛው ምኑን ያያል ሐኪሜ? እሱም ርቦታል።»

ቦርሳዬ ውስጥ የወባ ክኒን ብቻ ነበር። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጬ ማማው ላይ ወጣሁ። ሲቲ ሳታየኝ ጠጋ አለችልኝ። አንድ ካሚዮን ሰው ጭኖ ከአላማጣ በኩል ሲመጣ አያ ታሂር በክርናቸው ነካ አደረጉኝ፤ ሦስታችንም ጮህን።