የዱዓሌ ጉልበት

ባሌ ሣህሉ የቀበሌያችን ቡድን ወጌሻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሜዳ ሲመላለስ አንድ ጎል በቅጡ አላየም። ሰው ሁሉ ኳስ ሲያይ እሱ እግር ነው የሚያየው፤ ማን አነከሰ፣ ማን ትንፋሽ አጠረው፣ ማን ወድቆ ያስመስላል። ሁለት ሲወድቁ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሚጮኸው አይደለም፣ ዝም ወዳለው ነው። ሲሸነፉ እሱን ይሰድባሉ፣ ሲያሸንፉ ይረሱታል። እኔ ደግሞ ፋሻ አጥባለሁ። ሰለቸኝ እላለሁ፣ ማን ሊሰማኝ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ለዋንጫው ጨዋታ ስምንት ቀን ሲቀር፣ አጥቂያቸውን ዱዓሌን ጉልበቱን ወለም አለው። ሣህሉ እንዲህ ያለውን በአራት ቀን አሽቶ ይመልሳል። ያን ሰሞን ግን ቀበሌ ውስጥ አንድ ነገር ጆሮው ገባ፤ በጨዋታው ማግስት ከቡድኑ ጤነኛ ጤነኛውን ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱ ነው። የዱዓሌ እናት፣ የመጋላ ሰፈሯ ሃዎ፣ ባሏንም ሁለት ልጆቿንም ቀብራለች። የቀራት እሱ ብቻ ነው።

ሣህሉ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ «ይሄ ልጅ ከእንግዲህ አይሮጥም» አለው የቀበሌውን ሊቀመንበር። እኔ በፍርሃት አለቅሁ፤ ቢነቃበት ጉዳችን ነው። ሊቀመንበሩ ግን ቅንጣት አልተጠራጠረም፣ ሣህሉ ስለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅማ። ለዱዓሌም ያንኑ ነገረው። ልጁ አፉ አያርፍም፣ እውነቱን ቢያውቅ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ዋንጫውን ሁለት ለባዶ ተሸነፉ። በማግስቱ አምስቱን ወሰዷቸው፣ ዱዓሌ ቀረ። ጉልበቱ ሳይታሽ ስለከረመ ዛሬም ትንሽ ያነክሳል፤ ኳስም በዚያው ቀረ። ሣህሉን መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል። አንዴ ብቻ ቆሞ፣ «አቦ፣ ገደልከኝ እኮ» አለው። ሣህሉ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እኔ ግን ተቃጠልኩ፤ ሄጄ ለሃዎ ካልነገርኩ ብዬ ነጠላዬን ሳነሳ እሱ ነው የከለከለኝ።

በዓመቱ ከአምስቱ የአንዱ፣ የሙመድ መርዶ መጣ። ሣህሉ ከለቅሶ ቤት ተመልሶ በሩ ላይ ቁጭ አለ። ቢያንስ ዱዓሌን አትርፈሃል አልኩት።

«የሙመድ ቁርጭምጭሚት አብጦ ነበር» አለኝ። «ወሬውን ከመስማቴ በፊት ሦስት ቀን አሽቼ ለጨዋታው አደረስኩት። ሰነፍ ወጌሻ ብሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

እንዲያ አትበል አልኩት። ግን እውነቱን ነው።