ማማ የሠራንበት ጌም

ልጅ እያለሁ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። አባቴ ሐይቁ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበር። መረብ የሚጎትትለት ሰው ፈለገ፣ እኔን አገኘ፤ ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ወር ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ልጄ ሜሮን አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷ ደብተር ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ካላማራችሁ ታገሡኝ፤ ካልሆነም ተዉት።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የሐይቅ ከተማ ልጆች የጋሽ አራጋውን ቤት ሳታስታውሱት አትቀሩም። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ አግዳሚ ነበራት። ጋሽ አራጋው ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ዘፈን ሚሞሪ ላይ ይጭናሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ የእኛ የጌም ቤት ነው። የዚያ ቤት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የጋለ አቧራ፣ የጄኔሬተር ቤንዚን፣ የሰባት ልጅ ላብ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የእኔ ዓሣ። «ደምሌ፣ እጅህን ሳትታጠብ ማውሱን ብትነካ ጣትህን ነው የምቆርጠው!» ይሉኝ ነበር። በሩ ላይ ለእኔ ብቻ የተቀመጠ ሳሙና ነበር። ልጆቹ ደግሞ ስሜን ትተው በዓሣው ስም «ቆሮሶ» ነበር የሚሉኝ።

የጌሙን ስም አላውቀውም። ያኔ ማንበብ አልችልም፣ በኋላም ፈልጌ አላገኘሁትም። ታሪኩ ሁለት ፀሐይ ባላት ሩቅ ምድር ላይ ነው። ሠራተኞችህ ሰማያዊ ድንጋይ ይቆፍራሉ። በድንጋዩ ቤት ትሠራለህ፣ ብረት የለበሰ ወታደር ታወጣለህ፣ የሚበር መርከብ ታስነሳለህ። ከዚያ ክንፍ ያላቸው ነፍሳት እንደ ጎርፍ ይመጡብሃል። የቱን ቀድመህ እንደምትሠራ፣ የቱን ወታደር አሳልፈህ እንደምትሰጥ ማሰብ አለብህ። ሌሎቹ ልጆች የኳሱ ጌም ላይ ሲጋፉ እኔና ሰዒድ ከዚህኛው አንነሳም ነበር።

ሰዒድ የእህል ነጋዴው የጋሽ ይመር ልጅ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ መዝገበ ቃላት ብብቱ ሥር ሸጉጦ የሚዞር ልጅ። አንድ ቀን የጌሙን ፋይሎች ሲበረብር አንዱን በኖትፓድ ከፈተው፤ ቃልና ቁጥር መስመር በመስመር ተደርድሮ አገኘ። ሃምሳ የሚለውን አንዱን ቁጥር አምስት መቶ አደረገው። ጌሙን መልሰን ስንከፍት ወታደራችን አልሞት አለ። ነፍሳቱ ሰፍረውበት ይነክሱታል፤ እሱ እንደ ግንድ ቆሟል። ሰዒድ ከአግዳሚው ወርዶ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። «አንተዬ! ይሄ ነገር ይቀየራል እኮ! ወላሂ ይቀየራል!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመን። ክረምቱን ሙሉ ያን ጌም አፍርሰን እንደገና ሠራነው። እኛ ነፍሳቱን ስናይ የታየን አንበጣ ነው፤ ሌላ ምን ይታየን? አንበጣ ከሆኑ ደግሞ የሚበሉት ድንጋይ ሊሆን አይችልም። ሰማያዊውን ድንጋይ ማሽላ አደረግነው። ከላይ የአምባሰልን ገደል አቆምን፣ ከሥር ሐይቃችንን አስተኛን። የሚበረውን መርከብ ታንኳ አደረግነው፤ መብረሩን ግን አልከለከልነውም። ባለ ጨረሩ ግንብ ማማ ሆነ፤ ከላዩ ጨረሩን በወንጭፍ የለወጥንለት ሰው ቆሟል። ያንን ማማ ስሥል እጄ አልተሳሳተም፤ በየመኸሩ አምባሰል አጎቴ ዘንድ ማሽላ የምጠብቀው ከእንደዚያ ዓይነቱ ላይ ሆኜ ነበርና።

ሥራችን የተከፈለ ነበር። ቃሉና ቁጥሩ የሰዒድ፣ ሥዕሉ የእኔ። ፔይንት ላይ ነጥብ በነጥብ እያስቀመጥኩ የወታደሩን ብረት ገፍፌ ጋቢ አለበስኩት። «ይቺን አንብባት እስቲ» ሲለኝ «አንተ አንብብ፣ እኔ እጄ ሥራ ላይ ነው» እላለሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ያቋረጥኩ ነበር የሚመስለው፤ እንደዚያ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ የሚጠይቅ ሳጥን ሲመጣ በግራ በኩል ያለውን መጫን ነው፤ ሰዒድ ሁልጊዜ ግራውን ሲጫን አይቻለሁ። እንደዚያ እያልኩ ማንም ሳያውቅብኝ ክረምቱ ሊያልቅ ደረሰ።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። ከማማው ላይ አንበጣ የሚያባርረው ጩኸት የእኔ ነው፤ በሰዒድ ወንድም ስልክ ነው የቀዳነው። የሠራተኞቹ ድምፅ ግን የሰዒድ እናት፣ የእትዬ ዘይነባ ነው። ሰዒድ ስልኩን ደብቆ ውሃ አምጪልኝ፣ ቆሎ አምጪልኝ እያለ አመላለሳቸው። በመጨረሻ «ምነው ልጄ! አሁን ቁጭ ማለቴ እኮ ነው!» አሉ። ቀጥለው ደግሞ አንጀታቸው አልችል ሲል፣ «እሺ አብሽር፣ መጣሁ» አሉት። ይኸው ነው የፈለግነው። ጌሙ ውስጥ ሠራተኛውን ማሽላ እጨድ ብለህ ስትነካው መጀመሪያ ይቆጣሃል፣ ከዚያ አብሽር ብሎህ ይሄዳል። ልጆቹ የኳሳቸውን ጌም ትተው ይህን ለመስማት ይሰበሰቡ ነበር። ጋሽ አራጋው እንኳ ማመልከቻ ይጽፉ የነበረበትን እስክሪብቶ ጥለው ሲስቁ አይቻለሁ።

ጋሽ ይመር ግን አይስቁም። ልጃቸው ጌም ቤት ሲውል የከረመ መሆኑ አቃጥሏቸዋል። ሎጊያ ከተማ ወንድማቸው መጋዘን አለው፤ ሰዒድን ከመስከረም በፊት እዚያ ሊሰዱት ቆርጠዋል። ሰዒድ አለቀሰ፣ «አባ፣ እየሠራሁ እንጂ እየተጫወትኩ አይደለም» አለ። ጋሽ አራጋው ሽማግሌ ሆነው ገቡ። ደሴ ኮምፒውተር የሚያስተምር የሚያውቁት ሰው አለ፤ ቅዳሜ ሊመጣ ነው። ይየው፤ ቁም ነገር አለው ካለ ሰዒድ ደሴ ሄዶ እሱ ዘንድ ይማር። ጋሽ ይመር ብዙ አሰቡና «ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አሉ። «ከሌለ ግን ሎጊያ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ሰዒድ ከእናቱ ጋር አርዲቦ ለቅሶ ሄደ። እኔ አንድ ሥዕል ቀርቶኝ ነበር፤ የአንበጦቹን እናት። ከሁሉ አስበልጬ ነው የሣልኳት። አስገብቼ ጌሙን ብከፍት አልከፈት አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ሰዒድ አንዳንዴ የጌሙን ሲዲ ሲከት አይቻለሁና ከተትኩት። ሳጥን መጣ፤ ከዚያ በፊት ያላየሁት፣ ጽሑፉ የበዛ። ጋሽ አራጋው እጄን ብዘረጋ የምደርስባቸው ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ጋሼ፣ ምን ይላል?» ማለት ብቻ ነው። አላልኩም። ግራውን ተጫንኩ።

አረንጓዴ መስመር መሙላት ጀመረ። ደስ አለኝ፤ እያስተካከለልኝ መሰለኝ። ሲጨርስ ከፈትኩት። ሁለት ፀሐይ። ሰማያዊ ድንጋይ። ብረት የለበሰ ወታደር። ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫን ወይ ነበር ለካ የሚለው፤ እኔም አዎ ብዬዋለሁ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የለንም፤ ጋሽ አራጋው ቫይረስ ፈርተው እኛን ልጆቹን ፍላሽ አያስነኩንም፤ ከስልኩ ላይ የነበረውንም ድምፅ ወንድምየው ለዘፈን ቦታ ብሎ አጥፍቶታል። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ሄጄ አባቴ ሳይጠራኝ መረብ ስፈታ ዋልኩ።

እዚህ ላይ ነው ራሴን የምጠላው። ዓርብ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ሰዒድ ዓርብ ጠዋት ተመልሷል፤ ብነግረው ቁጥሮቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፣ እኔም ማማውን በአንድ ቀን መልሼ እሥለው ነበር። ግማሹን እንኳ ባደረስን። እሱ ግን በአባቱ ትእዛዝ እስከ ማታ እህል ሲያስጭን ዋለ፤ ኮምፒውተሩን አልነካም። እኔ በአባቱ የእህል መጋዘን በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ። «ቆሮሶ! አለቀች?» ብሎ ከጆንያው ላይ ሆኖ ጮኸልኝ፤ የአንበጣዋን እናት ማለቱ ነው። «አልቃለች» አልኩት።

ቅዳሜ ሁሉም መጣ። የደሴው ሰው ወንበር ተሰጠው፤ ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን አስተካክለው ከኋላው ቆሙ። ሰዒድ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ከፈተው። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። የማሳያው መስተዋት ላይ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «እዚህ ነበር... ወላሂ እዚህ ነበር» ይላል። የደሴው ሰው ጨዋ ነው፤ ሻዩን እስኪጨርስ ጠበቀ፣ «ሌላ ጊዜ ታሳየኛለህ» ብሎ መኪናው እንዳያመልጠው ሄደ።

ጋሽ አራጋው ግን በዚህ የሚያበቁ ሰው አልነበሩም። «ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» አሉ። «አውጫጭኝ ነው!» በእኛ አገር በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል ሰዉ አንድ ላይ ይሰበሰባል፤ ያደረገው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው በጆሮ ይናገራል፤ ስሙ አይወጣም፣ ወፍ ነው የሚባለው። ወፍ ደግሞ አይጠየቅም። ጋሽ አራጋው ይህን ትልቅ ሰው የሚፈራውን ነገር እኛ ላይ አመጡት። ሰባታችንን አግዳሚው ላይ ደርድረው አንድ በአንድ ከመጋረጃው ኋላ ጠሩን። አንዱ ልጅ «እዚህ ቤት ያለው ወፍ አይደለም ዓሣ ነው» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ፤ ማንም አልሳቀም።

የእኔ ተራ ደረሰ። እኔ ነኝ ልል ነው የገባሁት፤ እውነቴን ነው። ግን እኔ ነኝ ካልኩ «ሳጥኑ ምን ይል ነበር?» ሊሉኝ ነው። ያ ጥያቄ ከሰዒድ ዕድል በልጦ ታየኝ። ጋሽ አራጋው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡኝ። «ረቡዕ ዕለት ሰዒድ ሲዲ ሲከት አይቻለሁ» አልኩ።

ውሸት እኮ አይደለም። ረቡዕ ሰዒድ ሲዲ ከቷል፤ የእናቱን የመንዙማ ሲዲ ነው፤ አብረን ሰምተነዋል። ሐሙስ እኔን ያዩኝ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ሥዕል ብቻ የምሥል መስሏቸዋል። ጋሽ አራጋው ወጥተው ወፏ ያለችውን ተናገሩ። ሰዒድ «የመንዙማ ነው እኮ!» አለ፤ ወደ እኔ ዞሮ «ደምሌ፣ ነበርክ አይደል?» አለኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ ይመር አልጮኹም። «ሰው ፊት ሲመጣ ፈርቶ የገዛ ሥራውን የሚያጠፋ ልጅ ምን ይሠራልኛል?» ብለው እጁን ይዘው ወጡ። በሳምንቱ ሎጊያ ነበር።

ሰዒድ ወደ ትምህርት አልተመለሰም። መጋዘን ጠበቀ፣ ቆይቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። እሱ እዚያ እያለ እትዬ ዘይነባ አረፉ። ለቅሶ መጥቶ ሲሄድ «ያቺ አብሽር የምትለዋ ድምፅ የትም አልቀረችም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም። የለም አልኩት። አባቱም ልጄ የገዛ ሥራውን አጠፋ ብለው እንዳመኑ ሞቱ።

ዘንድሮ ለአረፋ ሐይቅ መጥቶ ቤቴ ገባ። ሜሮን ስልኬ ላይ ጌም ትጫወታለች። የጋሽ አራጋው ቤት ዛሬ የሲሚንቶ መደብር ሆኗል፤ ጌሙ ኪስ ውስጥ ገብቷል፣ አማርኛም ይናገራል። ሰዒድ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና «እኔና አባትሽ የራሳችንን ሠርተን ነበር» አላት። «የታለ?» አለችው። እሱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ልጅቷን ውሃ እንድታመጣ ልኮ ወደ እኔ ዞረ።

«ደምሌ፣ ብዙ ዓመት አሰብኩበት። ወፏ ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ከመሬት ተነሥታ ግን አትናገርም። ሲዲውን ሳወጣ የሆነ ነገር ነክቼ መሆን አለበት። እኔው ነኝ ያጠፋሁት። የአንተም ልፋት አብሮ ነው የጠፋው፤ ያን ሥዕል ሁሉ... ዛሬ አረፋ ነው፣ ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ።»

ማንበብ አለመቻሌ ነው ያን ቀን አፌን የያዘው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ። አሁን አነባለሁ። ይኸው እጽፋለሁም። ሳጥን ቢመጣብኝ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ነው የምነካው። ያኔ የነበረኝ ምክንያት አሁን የለኝም። እሱ ደግሞ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ እየጠበቀ ነው።

«አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት።

ትከሻው ወረደ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ አላህ ይስጥልኝ እያለ፣ ደጋግሞ አመሰገነኝ።