የጫካማር ዶት ኮም ዋጋ

የእህቴ ባል ቴፒ ውስጥ ቡና ነጋዴ ነው። አንድ ቅዳሜ ሚዛን ተፈሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። የኢንተርኔት አድራሻ አስመዝግቦ ኖሯል፤ "ጫካማር ዶት ኮም"።

"እንዲህ ያለ ስም ይዘው አትርፈው የሚሸጡ ሰዎች አሉ አሉ። አንቺ ኮምፒውተር ታስተምሪያለሽ፤ እስኪ ስንት ያወጣል?"

እውነቱን ነገርኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ ኬ፣ ሌላው በሁለት ኬ ይጽፈዋል፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ሲፈልገው ይጠፋበታል። ደግሞም ገና ትናንት የተመዘገበ ነው፤ ማን ያውቀዋል?

"ምንም አያወጣም ጋሼ።"

ፊቱ ጠቆረ። እሱ ቡና ዘግኖ፣ አሽትቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፤ እኔ በደንብ ሳላየው የፈረድኩ መሰለው። ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ የቤትና የቦታ ደላላ ይዞ ተመለሰ።

"አስፋልት ዳር ነው?" አሉኝ ደላላው ገና ሳይቀመጡ።

"አባባ፣ ቦታ እኮ አይደለም። ስም ነው።"

"ገብቶኛል። ማዕዘን ላይ ነው ወይስ መሀል?"

ሰዎች በስልካቸው የሚገቡበት በር በሉት አልኳቸው።

"በር ካለውማ ሰው ይደርስበት እንደሆነ እንየው" ብለው ተነሱ። ተከተልናቸው። ባጃጅ አስቁመው ምንም ሳያፍሩ "ጫካማር ዶት ኮም አድርሰን" አሉት ሹፌሩን።

"ግቡ" አለ ሹፌሩ።

ወዴት እንደሆነ መንገድ ላይ ይጠይቀናል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀም። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ሴት ከጌጫ እያስመጣች የጫካ ማር የምትሸጥበት ሱቅ በር ላይ አወረደን።

"ጫካማር እዚህ ነው?" አሉ ደላላው።

"አዎ፣ ምን ልስጣችሁ?"

ደላላው ወደ እኔ ዞረው "ሰው ያለበት ነው" አሉኝ። ለሴትየዋም ስሟ በዚህ ሰው እጅ እንደሚገኝ ነገሯት።

"የኔ ስም? ማን ፈቅዶለት!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ላስረዳ ብሞክርም የሚሰማኝ አላገኘሁም። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገሩን እንደ ጠፋ ከብት ዳኙት፤ ስሙ የሷ ነው፣ አግኝቶ የጠበቀላት ሰው ግን ወሮታ ይገባዋል።

የእህቴ ባል አንድ ጀሪካን ማር ተቀበለ። ደላላው ድርሻቸውን በጣሳ አስቀዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ስሙን ወደ ሴትየዋ አዛወርኩ።

በዓመቱ የማሳደሻ ክፍያ ሲመጣ "የገዛ ስሜን ልከራየው?" ብላ እምቢ አለች፤ ስሙም ከእጇ ወጥቶ ለፈለገው ሁሉ ተለቀቀ። እሷ ግን "ጫካማር ዶት ኮም" ብላ በሯ ላይ በቢጫ ቀለም አስጽፋለች፤ ገበያዋም ደርቷል። የኢንተርኔት ገጽ የሚባል ነገር እስካሁን የላትም፤ ጠይቃኝም አታውቅም።