በኢሜይል የሄደውን በእግር ማስፈረም

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ፈርሙልኝ» ይላታል። ስም አጥታ አይደለም፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤት ወጥታ በየቢሮው በር ብቅ ስትል ከአፏ የሚወጣው ይኸው አንድ ቃል ስለሆነ ነው። ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ደብተር በብብቷ ይዛ፣ ደብዳቤ ታድላለች፣ ታስፈርማለች፣ ትወርዳለች። ደብዳቤው ውስጥ የተጻፈውን አታይም። «የሰው ጉዳይ ምን አገባኝ፤ እኔ የማውቀው ቁጥሩንና ቀኑን ነው» ትላለች። አልደረሰኝም የሚል ሲነሳ ደብተሩን ገልጣ ፊርማውን ታሳየዋለች፤ ሰውየውም ደብዳቤውን ፍለጋ መሳቢያውን ይስባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውን ሌላው ይተርተዋል፣ እሷ ትኖርበታለች።

እንግዲህ በዚህ መሃል ኢሜይል መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ በሦስት ወር ውስጥ ደብዳቤ በኮምፒውተር መላክና ኢንተርኔት መጠቀም ያልቻለ ወደ ቅርንጫፍ ይዛወራል አሉ። ቅርንጫፉ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለሌላው ሰው መዛወር ማለት ዕቃ መጫን ነው። የፈርሙልኝ ባል ግን በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ይታጠባል፤ ማሽኑ ያለው እዚሁ ከተማ ነው፣ እዚያ የለም። ይህን ሰምታ ቤቷ ገብታ ለባሏ ትንፍሽ አላለችም።

ሥልጠናው ከምሳ በፊት ይሰጥ ነበር። አሠልጣኟ ከእሷ ብዙም የማታንስ፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ፈርሙልኝ ማውዙን አንቃ ስትይዘው ቀስቷ ከስክሪኑ ጥግ ገብታ ትደበቃለች። አሠልጣኟ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብትላት፣ «እኔማ ድሮም በእግሬ ነኝ፤ ያቃተኝ መቀመጡ ነው» አለች። ኢንተርኔት የጀመሩ ዕለት ደግሞ «የፈለግሽውን ጻፊና ፈልጊ» ተባለች። እጇን ቁልፎቹ ላይ ዘርግታ ቆየችና «ኧረ የጠፋኝ ነገር የለም» አለች። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እሷ እቴ፣ የምሯን ነበር።

ይሳቁ እንጂ ሴትዮዋ እልኸኛ ናት። በሁለተኛው ወር አባሪ ማያያዝ ቻለች። በሦስተኛው ለመሥሪያ ቤቱ አሥራ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ መላክ ለመደች፤ የአየር ጠባዩን፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓቱን፣ ባሏ ሊበላ የሚገባውንና የማይገባውን ሳይቀር ከኢንተርኔት ማውጣት ጀመረች። አንድ ነገር ብቻ አልለቅ አላት። ኢሜይሉን ልካ፣ መሄዱን በዓይኗ ካየች በኋላ፣ ደብተሯን አንስታ ደረጃውን ትወጣለች።

«ኢሜይል ልኬላችኋለሁ፤ ፈርሙልኝ።»

አንዳንዱ እየሳቀ ይፈርማል። አንዳንዱ «ሴትዮ፣ ደርሶኛል እኮ» እያለ ይፈርማል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሳይከፍተው ነው የሚፈርመው፤ ፓስዎርዱን ከረሳው ሰነባብቷል፣ ለማንም አልተናገረም። ወሬው እየዞረ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መቼስ አለቃ እንዲህ ሲስቅ መጠርጠር ነበር።

ፈተናው ሰኞ ሆነ። አሠልጣኟ የውሸት ልምምድ ከሚሆን እውነተኛ ሥራ ይሁን ብላ፣ ከዕለቱ ወጪ ደብዳቤዎች ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አንዳንድ አደለች። ምን እንደሚሉ እሷም አላየችም። ለፈርሙልኝ የደረሳት ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የወጣ ባለ አንድ ገጽ ነው። ቁጥርና ቀኑን ጻፈች፣ አያያዘችው፣ አሥራ ሁለቱን አድራሻ አንድም ሳትስት ሞላች፣ ከበላያቸው ላለው ዋና መሥሪያ ቤትም በግልባጭ አደረገች፣ ላከች። አሠልጣኟ «አልፈሻል፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀደምሽ» ስትላት ፈርሙልኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደስ አላት። ለባሏ ዛሬ ሁሉንም ልትነግረው ወሰነች።

ከዚያ እንደ ልማዷ ደብተሯን ይዛ ወጣች።

የሳቀባት ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ቀና ሳይል ፈረመ። ሁለተኛው «ቁጭ በይ እስቲ» ብሎ ወንበር ሳበላት፤ አልቀመጥም ስትለው ፈረመ። ሦስተኛ የገባችው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ዘንድ ነው። ጸሐፊዋ ብዕሩን ተቀብላ አልፈረመችም።

«እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበውታል?»

«እኔ የሰው ደብዳቤ አንብቤ አላውቅም።»

«ይህን ያንብቡት» ብላ ስክሪኑን አዞረችላት።

ጉዳዩ፦ ዝውውር ይላል። አምስት ስም ተደርድሯል፤ ሦስተኛው የራሷ ነው። የተፈረመው ዓርብ ነው።

ፈርሙልኝ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታንኳኳ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ፈተናው እኮ ዛሬ ነበር» አለቻቸው።

«አውቃለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን አጣደፈኝ። ኢሜይል ልካ በእግሯ የምታስፈርም ሰው ታልፋለች ብሎ ማን ያስባል?»

«አልፌያለሁ።»

«ሰማሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አላነሱም።

«ባሌን እዚያ የሚያጥበው የለም። ይሞትብኛል። ደብዳቤውን ይመልሱልኝ።»

«ከላይ ወዲያው ነው የመለሱልኝ፤ ተቀብለናል፣ በቦታዋ ሰው መድበናል ብለው። እኔም ብሆን እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አልገመትኩም።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ ደረቅ ብላ ቆመች።

«በዚህ ሃያ አራት ዓመት ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ሰባት ጊዜ ከደረጃ ላይ ጠርተውኛል» አለች። «ቆይ አምጪው፣ ነገሩን ልደርበት ብለው። ሰባቱንም መልሼ እጅዎ ላይ አስቀምጫለሁ። የማን የማን እንደነበሩ አላውቅም፣ አላነብማ። የዛሬውን ግን ተቀምጬ ላክሁት። ከየት ይጥሩኝ?»