ላቦራቶሪ የሌለው ኬሚስት

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ ሽንት ሽንት ይሸታል። ቀድመውኝ የታሰሩት ሰዎች ቦታ አልለቀቁልኝም። ጠባቂው በሩን ሲከፍት «ቦንብ ሠሪ አመጣሁላችሁ» ስላላቸው አጠገቤ መተኛት ፈሩ።

የዶክትሬት ጥናቴ ኮምፒውተር ላይ ነው። በጥቂት የታይታኒየምና የኦክስጅን አተሞች ስብስብ ውስጥ አንድ የብር አተም ቢገባ ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ አሰላለሁ። ቀን ከቀናው የፋብሪካ ቀለም የበከለውን ውሃ ለማጥራት ይረዳል። አንዱ ስሌት ሳምንት ስለሚፈጅ ላፕቶፔን አላጠፋም፤ መብራት ሲሄድ ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዘዋለሁ። ሽቦውንና ባትሪውን ያየ ጎረቤት ጠቆመብኝ።

መርማሪው የእኔ እኩያ ነው።

«ላቦራቶሪህ የት ነው?»

«የለኝም። በስሌት ብቻ ነው የምሠራው።»

«ኬሚስት ነኝ ትላለህ፣ አንዲት ብልቃጥ የለህም። ሞኝህን ፈልግ!»

ከዚያ ወንበር አስመጣልኝና መውጫውን ነገረኝ። ቤት ያከራዩኝ ሰው ከተማችን ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚሠሩበት መጋዘን አላቸው፤ ሬንጅና ቀለም ያስቀምጡበታል። «ቦንቡን እዚያ ነው የቀመምሁት በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

መውጣት እንዴት እንዳማረኝ አልደብቅም።

በዚህ መሐል ጠባቂዎች አከራዬን ይዘዋቸው ገቡ። ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ ቆባቸውን አስወልቀዋቸዋል። ተነሣሁ።

«ኖር፣ አባባ።»

«በአላህ! ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«ማን ተነሥ አለህ?» አለ መርማሪው።

«እሳቸው ቆመው አልቀመጥም። መጋዘናቸው የጀልባ ነው፤ እኔ እግሬም ገብቶበት አያውቅ።»

ጥፊው ጆሮዬ ላይ አረፈ። «ተቀመጥ!» አለኝ። አልተቀመጥሁም። ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ጣለው።

እሳቸውን ከሰዓት በኋላ ለቀቋቸው። እኔ ክረምቱን እዚያው ከረምሁ።

ያንን መርማሪ ዛሬም እጠላዋለሁ። ይቅር በል የሚሉኝ አሉ፤ ይቅርታ ላልጠየቀኝ ሰው ምኑን ይቅር ልበል? ላፕቶፑ ስላልተመለሰልኝ ስሌቱን በተውሶ ማሽን ከሀ ጀምሬዋለሁ። አዛውንቱ ከዚያ ወዲህ ቤታቸውን ለተማሪ አያከራዩም። አልፈርድባቸውም። በሐይቁ ዳር ሳልፍ ጀልባ ሲጠግኑ አያቸዋለሁ። ከሩቅ እጅ ነሥቼ መንገዴን እቀጥላለሁ፤ ከእኔ ጋር ቆመው እንዳይታዩ።